የፋርማሲ አምድ፦ ስለ ማኔጅድ ኬር ሬዚደንሲ ለጠየቃችሁን

በአሜሪካ የጤና መድን ድርጅቶችና የመድኃኒት ጥቅም አስተዳዳሪዎች (ለመድን ድርጅቶች የመድኃኒት ሽፋኑን የሚያስተዳድሩት፣ በተለምዶ ፒቢኤም የሚባሉት) ውስጥ ስለሚሰጠው ማኔጅድ ኬር ሬዚደንሲ፣ ማለትም የትኛው መድኃኒት ለማን እንዴት እንደሚሸፈን ስለሚያስተምረው የአንድ ዓመት የፋርማሲስቶች ሥልጠና ብዙ ደብዳቤ ደርሶናል። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገን፣ ረዘም ያለ መልስ የሚሹትን ረዘም፣ አጭሩን አጭር አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ በኢትዮጵያ በፋርማሲ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ። የኤፍፒጂኢሲ ሰርተፊኬቴን (ከአሜሪካ ውጭ ለተመረቁ ፋርማሲስቶች የሚሰጠውን ማረጋገጫ) ይዤ አሁን በአንድ ችርቻሮ ፋርማሲ በኢንተርንነት (በተለማማጅነት) እሠራለሁ። ጓደኞቼ ግን «ሬዚደንሲ ለፋርምዲ (የአሜሪካ የፋርማሲ ዶክትሬት) ተመራቂ ብቻ ነው፣ አትልፊ» ይሉኛል። እውነት ነው?
— ሰ.፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ እውነት አይደለም። ፕሮግራሞቹን የሚመዝነው የአሜሪካ የጤና ሥርዓት ፋርማሲስቶች ማኅበር (ኤኤስኤችፒ) ነው፤ የማኔጅድ ኬሩን ዘርፍ የሚመዝነው ደግሞ ከማኔጅድ ኬር ፋርማሲ አካዳሚ (ኤኤምሲፒ) ጋር በመተባበር ነው። መስፈርቱ አመልካቹ እውቅና ካለው የአሜሪካ ፋርማሲ ትምህርት ቤት የተመረቀ ወይም ለመመረቅ የተቃረበ እንዲሆን፣ አለዚያም የኤፍፒጂኢሲ ሰርተፊኬት እንዲኖረው ይጠይቃል። እርስዎ ሁለተኛውን ይዘዋል፣ ስለዚህ በሩ ክፍት ነው።

ችግሩ ያለው በፈቃዱ ላይ ነው። ሬዚደንት ሥልጠናውን በጀመረ በ120 ቀን ውስጥ የፋርማሲስትነት ፈቃድ መያዝ አለበት፤ ከዓመቱም ቢያንስ ሁለት ሦስተኛውን ባለፈቃድ ሆኖ ማሳለፍ ይኖርበታል። ለፈቃዱ ናፕሌክስ የሚባለውን አገር አቀፍ የፋርማሲስቶች ፈተና (225 ጥያቄ፣ 6 ሰዓት) እና የስቴቱን የሕግ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ናፕሌክስን አንዴ የወደቀ ሰው እንደገና ለመቀመጥ 45 ቀን ይጠብቃል። ሐምሌ ላይ የገባ ሰው በመስከረም (ወሮቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ቢወድቅ 120ው ቀን የት እንደሚደርስ ራስዎ ያስሉት። ስለዚህ የኢንተርንነት ሰዓትዎን ከመግቢያው በፊት ጨርሰው፣ ፈተናዎቹን በግንቦትና በሰኔ ለመውሰድ ያቅዱ። የሚፈለገው ሰዓት ከስቴት ስቴት ይለያያል። ፕሮግራሙ ያለበት ስቴት እርስዎ ከሚኖሩበት የተለየ ከሆነ ደግሞ የሚቆጠረው የዚያኛው ስቴት ደንብ ነው። ከቤት የሚሠሩባቸው ፕሮግራሞች ስለበዙ ይህን የሚዘነጋ አመልካች ጥቂት አይደለም።

ሰርተፊኬቱን ገና ላላገኙ አንባቢዎች ሁለት ነገር እናክል። ከጥር 1 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመረቀ ሰው የአምስት ዓመት ሥርዓተ ትምህርት የጨረሰ መሆን አለበት፤ ከዚያ በፊት ለተመረቀ አራት ዓመት ይበቃል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ትራንስክሪፕታችሁ ስንት ዓመት እንደሚያሳይ ተመልከቱ። ሁለተኛው የስም ጉዳይ ነው። ዲግሪው ላይ ስምና የአባት ስም፣ ፓስፖርቱ ላይ ደግሞ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሆኖ ይገኛል። የምረቃው ቀን በአንዱ ወረቀት በኢትዮጵያ፣ በሌላው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ይሰፍራል። መዝገቡን የሚያስቆመው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ትምህርት ቤቱ ሰነዱን ሲልክ ሙሉ ሦስቱን ስምና የጎርጎርዮሱን ቀን እንዲጽፍ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ወደ እርስዎ ስንመለስ፣ ከአሜሪካ ትምህርት ቤት ተመራቂዎች ጋር ሲወዳደሩ ደካማ ጎንዎ የድጋፍ ደብዳቤው ሊሆን ይችላል። የችርቻሮ ፋርማሲ ኃላፊዎ «ሰዓት አክባሪ፣ ታታሪ» ብሎ ይጽፍልዎታል፤ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን መራጮቹ የሚፈልጉት አይደለም። እነሱ ማወቅ የሚሹት የጽሑፍ ሥራዎን አይቶ፣ አርሞ፣ እንደገና ያጻፈዎት ሰው ምን እንደሚል ነው። ከአሁኑ የአንድ መድኃኒት ግምገማ በሁለት ገጽ ጽፈው በመድን ድርጅት ለሚሠራ ፋርማሲስት ያሳዩ። አስተያየቱን ተቀብለው አስተካክለው ይመልሱለት። ሦስተኛውን ረቂቅ ያየ ሰው የሚጽፈው ደብዳቤ ሌላ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ከሌለዎት ደግሞ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የሥራ ቪዛ እንደማያስጨርሱ ይወቁ፤ ማስታወቂያቸው ላይ ይጽፉታል።

ጥያቄ፦ ፋርምዲ አራተኛ ዓመት ላይ ነኝ። ሆስፒታል የሚያመለክቱት የክፍል ጓደኞቼ «ማኔጅድ ኬር ማለት ቢሮ ተቀምጦ የሰው መድኃኒት መከልከል ነው» ብለው ይቀልዱብኛል። በዓመቱ ውስጥ በትክክል ምን ይሠራል?
— ዮ.፣ ዳላስ

መልስ፦ ቀልዱ መሠረት የለውም አንልም። ከዚህ ይጀምሩ፦ አንድ ማዘዣ ፋርማሲው ሲያስገባው ክሌሙ (የክፍያ ጥያቄው) ወደ ፒቢኤሙ ሄዶ በሴኮንዶች ውስጥ መልስ ይመጣል። የክልከላው ቁጥር 70 ካለ መድኃኒቱ በመድኑ ዝርዝር አይሸፈንም። 75 ካለ ቅድመ ፈቃድ (ከመከፈሉ በፊት የመድኑን ይሁንታ) ይጠይቃል። 76 ካለ ከተፈቀደው መጠን አልፏል፤ 79 ካለ ድጋሚ ለመውሰድ ቀኑ ገና ነው። ፋርማሲ ቆጣሪ ላይ የሠራ ሁሉ እነዚህን ቁጥሮች ያውቃቸዋል፣ ይረግማቸዋልም። ሬዚደንሲው የሚያስተምረው ከእያንዳንዱ ቁጥር ጀርባ ያለውን ደንብ ማን፣ በምን ማስረጃ፣ በስንት ብር ስሌት እንደጻፈው ነው። በዓመቱ መጨረሻ ደንቡን የሚጽፉት እርስዎ ነዎት።

የቅድመ ፈቃድ ግምገማ ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ ነው፤ እዚያ ላይ ሰዓት ጌታ ነው። በሜዲኬር ፓርት ዲ (በዋናነት ለአረጋውያን በሆነው የመንግሥት መድን የመድኃኒት ክፍል) ለመደበኛ ጥያቄ 72 ሰዓት፣ ለአስቸኳይ 24 ሰዓት ውስጥ ውሳኔ መስጠት ግዴታ ነው። ጥያቄው ከደንቡ ውጭ እንዲታይ የሚጠይቅ ከሆነ ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው የሐኪሙ ደጋፊ መግለጫ ሲደርስ ነው፤ አዲስ ሬዚደንት በዚህ ይሳሳታል። በሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በሆነው የመንግሥት መድን) በ24 ሰዓት ውስጥ መልስ መስጠት፣ በድንገተኛ ጊዜም የ72 ሰዓት መድኃኒት እንዲሰጥ ማድረግ ያስፈልጋል። ክልከላ ሲጻፍ የጎደለው ነገር በግልጽ መነገር አለበት። «መስፈርቱን አያሟላም» ተብሎ የተላከ ደብዳቤ በሳምንቱ ይግባኝ ሆኖ ይመለሳል፣ ያንኑ ፋይል ሁለት ሰው ይሠራበታል።

ከዚያ ቀጥሎ ፒ ኤንድ ቲ ኮሚቴ (የትኛው መድኃኒት በዝርዝሩ እንደሚገባ የሚወስነው የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ) አለ። በፓርት ዲ አዲስ መድኃኒት ገበያ ከገባ በኋላ ኮሚቴው በ90 ቀን ውስጥ ለመገምገም ይጥራል፣ በ180 ቀን ውስጥ ይወስናል። ስድስት የተጠበቁ ምድቦች አሉ፦ የድብርት፣ የሥነ አእምሮ ቀውስ፣ የሚጥል በሽታ፣ የኤችአይቪ፣ የካንሰርና የአካል ንቅለ ተከላ መድኃኒቶች። በእነዚህ ምድቦች የመድን ዕቅዱ መድኃኒት ከዝርዝሩ እንደ ልቡ አያስወጣም። ግምገማውን የሚያዘጋጀው ብዙ ጊዜ ሬዚደንቱ ነው። በደንብ በተደራጀ ድርጅት ኮሚቴው ስለ ጥቅምና ጉዳት ሲወያይ ከመድኃኒት አምራቹ ጋር ያለው የቅናሽ ውል ጉዳይ በጠረጴዛው ላይ አይቀርብም፤ ዋጋው የሚመጣው ክሊኒካዊው ውሳኔ ካለቀ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ሲደባለቅ ካዩ ለምን እንደሆነ ከመጠየቅ አይቆጠቡ።

የቀረው በየቦታው ይለያያል። እንደ ካይዘር ፐርማኔንቴ ባለ ሐኪሙንም መድኑንም በአንድ ጣሪያ ባደረገ ድርጅት ውስጥ ከሕመምተኛ ጋር በቀጥታ መነጋገር ይበዛል። በትልልቆቹ ፒቢኤሞች ውልና የመድኃኒት ዝርዝር ስትራቴጂ ይገዝፋል፤ በስቴት ሜዲኬይድ ደግሞ ሕግና የሕዝብ ስብሰባ።

ቃለ መጠይቅ ላይ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ እንዳይወጡ፦ «ሬዚደንቱ በሳምንት ስንት ሰዓት የቅድመ ፈቃድ ወረፋ ላይ ይቀመጣል? ለስንት ወራት?» ጥቂት ሰዓት ትምህርት ነው። ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ግማሽ ቀን ከሆነ ግን የርካሽ ሠራተኛ ቅጥር ነው፣ ስሙ ምንም ያምር። ያኔ ጓደኞችዎ የቀለዱት እውነት ይሆናል።

ጥያቄ፦ ለቃለ መጠይቅ ተጠርቻለሁ። አንድ አዲስ መድኃኒት ገምግሜ በ20 ደቂቃ እንዳቀርብ፣ «በጀት ላይ ያለውን ተፅዕኖም እንዳሳይ» ተጠይቄያለሁ። በትምህርት ቤት ጆርናል ክለብ (ጥናት አንብቦ መወያየት) እንጂ ይህን አልተማርንም።
— ማ.፣ አትላንታ

መልስ፦ ብዙ አመልካች የሚወድቀው በዚህ ነው፤ ስለዚህ ዘርዘር እናድርገው። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተፈጠሩ ናቸው።

ከማስረጃው ይጀምሩ። ጥናቱ በሁለት ዓመት ውስጥ የልብ ድካም ከ6% ወደ 4% ቀነሰ ቢል፣ ማስታወቂያው «33% ቀነሰ» ይላል። እርስዎ ግን ፍጹም ልዩነቱን ይያዙ፦ 2 የመቶኛ ነጥብ። 100ን ለ2 ሲያካፍሉ 50 ይመጣል፤ አንድ ሰው ለማትረፍ 50 ሰው ሁለት ዓመት ማከም ማለት ነው። መድኃኒቱ በዓመት 5,000 ዶላር ከሆነ የአንድ ሰው የሁለት ዓመት ወጪ 10,000፣ የ50ው 500,000 ዶላር ነው። አንድ የልብ ድካም ለማስቀረት የሚወጣው ይህ ነው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር የተናገረ አመልካች ከአሥር ስላይድ በላይ ይታወሳል።

ቀጥሎ በጀቱ። ሌላ፣ ውድ መድኃኒት እንውሰድ። ዕቅዱ 200,000 አባላት አሉት። በሽታው ከ1,000 ሰው አንዱን ይይዛል፦ 200 ሰው። ከእነዚህ የመጀመሪያው መስመር ሕክምና ያልሠራላቸው 30%፦ 60 ሰው። በመጀመሪያው ዓመት ግማሾቹ ወደ አዲሱ ይቀየራሉ ብለን እናስብ፦ 30 ሰው። አዲሱ በዓመት 48,000 ዶላር ነው፤ 30 ጊዜ 48,000 ማለት 1,440,000። የሚተካው አሮጌ መድኃኒት 8,000 ነበርና 240,000 ይቀነሳል። የተጣራው 1,200,000 ዶላር ነው። ይህንን ለ200,000 አባላትና ለ12 ወር ያካፍሉ፣ ማለትም ለ2,400,000፦ በአንድ አባል በወር 50 ሳንቲም። የመድን ሰዎች የሚነጋገሩት በዚህ ቁጥር ነው። 60ውም ሰዎች ቢቀየሩ 1 ዶላር ይሆናል፤ ይህንን ሁለተኛ ቁጥር ጎን ለጎን ያሳዩ።

የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በ12 ማካፈልን ይረሱና 6 ዶላር ያመጣሉ፤ ጠያቂው ወዲያው ያየዋል። በአባላት ፋንታ በሕመምተኞች ቁጥር ያካፍላሉ። የታወጀውን ዋጋ ዕቅዱ ከቅናሽ በኋላ እንደሚከፍለው አድርገው ይወስዳሉ፤ የተጣራውን ዋጋ ከውጭ ማወቅ ስለማይቻል «የታወጀው ዋጋ ነው፣ ቅናሽ አልገባበትም» ብሎ መናገር ይበቃል። ጥቂቶች ደግሞ በሦስተኛው ዓመት የሚገኘውን የሆስፒታል ወጪ ቁጠባ በመጀመሪያው ዓመት በጀት ላይ ይቀንሳሉ። አሠሪዎች መድን ሲቀይሩ አባላቱም ስለሚቀየሩ ያ ቁጠባ ለሌላ ድርጅት ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ ውሳኔዎን ይናገሩ። «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ብሎ መዝጋት ውሳኔ አይደለም። ይሸፈን፣ በቅድመ ፈቃድ ይሸፈን፣ ወይም አይሸፈን ይበሉ፤ ቅድመ ፈቃድ ካሉ መስፈርቱን ይጻፉት። «ሕመምተኛው ሌላ መድኃኒት ሞክሮ መሆን አለበት» የሚል መስፈርት ገምጋሚ ሊሠራበት አይችልም። የትኛውን? በስንት መጠን? ለምን ያህል ጊዜ? ለስኳር ሕመም መድኃኒት ለምሳሌ እንዲህ ይጻፋል፦ ሜትፎርሚን በቀን ቢያንስ 1,500 ሚሊግራም ለ90 ቀን ወስዶ ኤዋንሲው (የወራት አማካይ የደም ስኳር መጠን የሚያሳየው ምርመራ) ባለፉት 3 ወራት ከ7% በላይ ከሆነ፤ ወይም የኩላሊት ማጣሪያ አቅሙ ከ30 በታች በመሆኑ ሜትፎርሚን የማይወስድ ከሆነ፤ ፈቃዱ ለ12 ወር ይሰጣል፣ የሚታደሰው ኤዋንሲው መቀነሱ ሲታይ ነው። የመጀመሪያው ክፍል የቱንም ያህል ቢያምር፣ «ወይም» የምትለው ካልተጻፈች መውሰድ የማይችለው ሰው ይከለከላል፤ ይግባኝ የሚመጣውም ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ሬዚደንት ነኝ። የዓመቱ ፕሮጀክቴ የደም ግፊት መድኃኒት በአግባቡ ስለመውሰድ ነው። በክሌም «አልወሰዱም» የሚላቸው ሰዎች ሲደወልላቸው «በየቀኑ እውጣለሁ» ይላሉ። ማንን ልመን?
— ፍ.፣ ሚኒያፖሊስ

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የሚለካው በክሌም የተሸፈኑ ቀናት ድርሻ ነው፤ ገደቡ 80% ነው። ቆጠራው የሚጀምረው በዓመቱ ከመጀመሪያው ግዢ ነው። አንዲት ሴት መጀመሪያ መጋቢት 1 እ.ኤ.አ. ከገዛች እስከ ታኅሣሥ 31 ድረስ 306 ቀን አለ፤ 80 በመቶው 245 ቀን ነው። በየ30 ቀኑ 9 ጊዜ ከገዛች 270 ቀን፣ 88%፣ አልፋለች። 8 ጊዜ ከሆነ 240 ቀን፣ 78%፣ ወድቃለች። ልዩነቱ አንድ ጠርሙስ ነው። በጥቅምት የምትደውሉላት ሴት ብዙ ጊዜ ገደቡን ለማለፍ ጊዜ አልፎባታል፤ ከ306ቱ ውስጥ ሊያመልጣት የሚችለው 61 ቀን ብቻ ነበር። ስለዚህ ፕሮጀክትዎን በየካቲትና በመጋቢት ጥሪ ላይ ይመሥርቱ፣ የ90 ቀን ማዘዣንም ይግፉ።

እውነት የሚወስዱት ደግሞ በጥሬ ገንዘብ ወይም በቅናሽ ካርድ የገዙት ናቸው። መድኑ ሳይነካ የተገዛ መድኃኒት ክሌም የለውም፤ በመዝገቡ ላይ የለም። ሐኪሙ ግማሽ ክኒን ውሰጂ ያላት ሴት ጠርሙሷ 60 ቀን ይቆይላታል፣ መዝገቡ ግን 30 ይላል። አገር ቤት ሄዶ ሁለት ወር የቆየና መድኃኒቱን እዚያ የገዛም በዚሁ ውስጥ ይገባል፤ የእኛ ማኅበረሰብ አባላት በሚበዙባቸው ከተሞች ይህን ጠይቁ። በጥሪው ላይ ለእነዚህ ምክንያቶች የተለያየ ኮድ ካላዘጋጁ ሁሉም «ሌላ» በሚለው ስር ይገቡና ሰኔ ላይ የሚያቀርቡት ነገር ያጣሉ። ዳታውን የማግኘት ፈቃድ ወራት ሊወስድ እንደሚችልም ያስታውሱ፤ ጥያቄው በመጀመሪያው ወር ይግባ።

ጥያቄ፦ ደሞዙ ስንት ነው? ልጅ ልንወልድ ነው፣ ዕረፍትስ?
— ባልና ሚስት፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ የአሜሪካ ፋርማሲስቶች መካከለኛ ዓመታዊ ክፍያ በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. 137,480 ዶላር ነበር፤ ሬዚደንት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ከግማሽ በታች ያገኛል። ዕረፍት፣ ሕመም፣ ፈቃድና ስብሰባ ሁሉ ተደምሮ ከ52 ሳምንት ውስጥ ከ37 ቀን ካለፈ ሥልጠናው ይራዘማል። ወሊድ ከዚያ ስለሚያልፍ ማራዘሙ በክፍያ ነው ወይስ ያለ ክፍያ የሚለውን ከመፈረም በፊት በጽሑፍ ያግኙ። የሥራ ሰዓት በአራት ሳምንት አማካይ በሳምንት ከ80 አይበልጥም ቢልም በማኔጅድ ኬር ወደዚያ የሚጠጋ የለም፤ የቢሮ ሰዓት ነው፣ ከኮሚቴ ስብሰባ በፊት ያለው ሳምንት ሲቀር።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር በአንድ ሆስፒታል ፋርማሲ እሠራለሁ። አሜሪካ የመሄድ ሐሳብ የለኝም። ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅማል?
— አ.፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ ሬዚደንሲው ራሱ አይመለከትዎትም። ሙያው ግን ይመለከትዎታል። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ከተጀመረ ወዲህ ለመድኃኒት የሚከፍለው ሕመምተኛው ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ከፋይ ሲመጣ «ምን ይሸፈን? ለማን? በምን ያህል?» የሚሉት ጥያቄዎችም ይመጣሉ። የሆስፒታልዎ የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ ከላይ የገለጽነው ፒ ኤንድ ቲ ኮሚቴ ወንድም ነው።

ኤቢሲ እና ቬን ትንተና ያውቁታል ብለን እንገምታለን። ገንዘቡን የሚበሉት ጥቂቶቹ መድኃኒቶች የትኞቹ እንደሆኑ ኤቢሲው ይነግርዎታል፤ አስፈላጊነታቸውን ቬኑ። ብዙ ቦታ ሥራው እዚያ ያቆማል፣ ሠንጠረዡ ፋይል ውስጥ ይገባል። የማኔጅድ ኬር ሰው የሚቀጥለውን ይሠራል፦ በገንዘብ «ኤ» ምድብ፣ በአስፈላጊነት ግን ዝቅተኛ ከሆነው አንዱን መድኃኒት ይመርጣል። የመጨረሻዎቹን 50 ካርዶች አውጥቶ ለምን እንደታዘዘ ያያል። ስንቱ ከብሔራዊው የሕክምና መመሪያ ጋር እንደሚሄድ ይቆጥራል። ከዚያ ለኮሚቴው አንድ ገጽ ያቀርባል፦ ይህን ያህል ብር፣ ይህን ያህል ከመመሪያ ውጭ፣ የምንጠይቀው ገደብ ይህ ነው፣ በስድስት ወር መልሰን እንቆጥራለን። አንቲባዮቲክ መርፌዎች ለመጀመሪያ ጥሩ ናቸው። ብቻዎን ሄደው ሐኪሞቹን አይገስጹ፤ ከመካከላቸው አንድ ሐኪም ከእርስዎ ጋር ይቁጠር፣ ገጹንም እሱ ያቅርበው።

ጥያቄ፦ የምርጫ ዝርዝር ሳስገባ፣ የሚቀበለኝ የሚመስለኝን ፕሮግራም ነው ወይስ የምወደውን አንደኛ ላድርግ?
— ስም ያልጻፉ

መልስ፦ የሚወዱትን። ማቺንጉ (አመልካቾችንና ፕሮግራሞችን ሁለቱም ባስገቡት የምርጫ ቅደም ተከተል የሚያገናኘው ሥርዓት) የሚሠራው ከአመልካቹ ምርጫ ተነሥቶ ነው፤ ከባዱን ፕሮግራም አንደኛ ማድረግ በሁለተኛው ያለዎትን ዕድል አይቀንስም። «ደስ አሰኝቶናል፣ ከፍ አድርገን እንመድብዎታለን» ብሎ የጻፈልዎትን ፕሮግራም ለማስደሰት ቅደም ተከተሉን አይቀይሩ። ነገር ግን ውጤቱ አስገዳጅ ስለሆነ ፈጽሞ የማይሄዱበትን ፕሮግራም በዝርዝሩ አያስገቡ። በመጋቢት እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ዝርዝሩ ይዘጋል፣ በወሩ አጋማሽ ውጤቱ ይወጣል። ካልተመደቡ ሁለተኛ ዙር አለ፤ እዚያ ቀኑ አጭር ነው። የማመልከቻ ደብዳቤዎን ሌላ ረቂቅና የሚያቀርቡትን ስላይድ ከውጤቱ ቀን በፊት አዘጋጅተው ይጠብቁ፣ ያልሞሉ ፕሮግራሞች ዝርዝር በወጣ ዕለት መላክ እንዲችሉ።